ባሕር የሚታይበትን ክፍል አትውሰዱ

ጠጋ በሉ። አለቃዬ አማርኛ አይሰማም፤ ቢሆንም ድምፄን ዝቅ ላድርግ።

ያለሁት ዳሃብ ነው። ግብጽ፣ ደቡብ ሲና፣ ከሻርም ኤል ሼክ አውሮፕላን ማረፊያ በመኪና አንድ ሰዓት ገደማ። ከጀርባዋ ራቁቱን የቆመ ተራራ፣ ከፊቷ ቀይ ባሕር፣ መሀሏ ላይ ፍየልና ድመት እንደ ልባቸው የሚመላለሱባት ትንሽ ከተማ ናት። ጠላቂ ሁሉ ያውቃታል። የኔን ሥራ ግን የሚያውቀው የለም። የስኩባ አሰልጣኝ ለመሆን ወደ ኮርስ ከሚመጡት ሰዎች ማን የት እንደሚያድር፣ ማን ምን እንደሚበላ የምወስነው እኔ ነኝ። ሲያመሰግኑ የሚያስተምራቸውን ኮርስ ዳይሬክተር ያመሰግናሉ። ሲያማርሩ እኔን ይፈልጉኛል።

የኮርሱ ማስታወቂያ ላይ ያለውን ክፍል ሳታዩት አትቀሩም። ነጭ መጋረጃ፣ ከመጋረጃው ማዶ ሰማያዊ ውሃ፣ በረንዳው ላይ የሚያጋድም ወንበርና የማንጎ ጭማቂ። ውሸት አይደለም፤ ክፍሉ አለ። ቁልፉም እኔ ጋ ነው። የኮርሱን ተፈታኝ ግን አላሳድርበትም። ለምን? ቆይ፣ እነግራችኋለሁ። መጀመሪያ ኮርሱን ትንሽ እወቁት።

እነዚህ ሰዎች ውሃ ሊለምዱ አይደለም የሚመጡት። ዳይቭማስተሮች ናቸው፤ ጠላቂ የመምራት ፈቃድ ያላቸው። ፓዲ የሚባለውን የጥለቃ ማሰልጠኛ ድርጅት ኮርስ ለመጀመር ቢያንስ 60 ጥለቃ መዝገባቸው ላይ ሊኖር ይገባል፤ ለፈተና ሲቀርቡ ደግሞ 100። ባሕሩን ጠንቅቀው ያውቁታል፤ የሚቸግራቸው ማስተማሩ ነው። ስለዚህ ሁለት ሳምንት ገደማ ጠዋት ክፍል ይገባሉ፣ ከዚያ ወደ ገንዳ ወይም ወደ ባሕር፣ ከሰዓት ተራ በተራ እየቆሙ ያስተምራሉ፣ ማታ የነገውን ትምህርት ያዘጋጃሉ። መጨረሻ ላይ ሁለት ቀን ፈተና። የሚፈትናቸው ደግሞ ያሰለጠናቸው ሰው እንዳይመስላችሁ፤ ፓዲ የራሱን ፈታኝ ይልካል። የንድፈ ሐሳብ ፈተናው ብቻ አምስት ክፍል አለው፤ ፊዚክሱም ፊዚዮሎጂውም ሌላውም ለየብቻው 75 በመቶ ይጠይቃል። በአንዱ ያተረፋችሁት ነጥብ ሌላውን አይደጉምላችሁም።

አሁን ያንን ተፈታኝ ማታ ሦስት ሰዓት ላይ አስቡት። ጭንብል ውስጥ የገባ ውሃ እንዴት እንደሚወጣ ነገ ጠዋት ያስተምራል፤ ዛሬ ማታ ምን ብሎ እንደሚጀምርና ተማሪው የት ላይ እንደሚሳሳት ቁጭ ብሎ መጻፍ አለበት። የት ቁጭ ይበል? የሚያጋድም ወንበር ላይ? ከሥሩ ያለው ምግብ ቤት ሙዚቃውን ገና መክፈቱ ነው። ነፋሱ መስኮቱን ይነቀንቃል። ዳሃብ ነፋስ አይጠፋባትም፤ በሸራና በሰሌዳ ውሃ ላይ የሚንሸራተተው ሰው ሁሉ የሚጎርፍላት ለዚህ ነው። ያ ውብ ክፍል ጠረጴዛ የለውም። ጠረጴዛ ለፎቶ አያምርማ!

ባሕር የሚታይበት ክፍል ባሕር ላላየ ሰው ነው። የኔዎቹ ቀኑን ሙሉ ከውስጡ ሆነው ሲያዩት ይውላሉ። ማታ የሚያስፈልጋቸው ግድግዳ ነው።

ስለዚህ የት አስገባቸዋለሁ? አሰላ። ከባሕሩ ዳር ገባ ያለ፣ በድዊኖቹ የሚኖሩበት ሰፈር። ቱሪስት ፎቶ ሊያነሳ አይመጣበትም። ዶሮ ይጮህበታል፣ ፍየል ደጅ ላይ ካርቶን ይበላበታል። የቤት ኪራዩ ግን ይቀመሳል፣ ሌሊቱም ጸጥ ይላል። የአሰላ አከራዮች ያውቁኛል። አንዳንዶቹ ሲያዩኝ ይደበቃሉ።

ለምን እንደሚደበቁ ልንገራችሁ። ቤት ሳይ በመስኮት ወደ ውጭ አላይም። ገና እንደገባሁ ቧንቧዎቹን በሙሉ እከፍትና ሻወሩ እየፈሰሰ የሽንት ቤቱን ውሃ እለቃለሁ፤ ግፊቱ ከወደቀ ሁለት ሰው ጠዋት እኩል መዘጋጀት አይችልም ማለት ነው። የሶኬት ቁጥር እቆጥራለሁ። የእጅ ባትሪ፣ የጥለቃ ኮምፒውተር፣ ላፕቶፕ፣ ስልክ ሁሉም ቻርጅ ይፈልጋል፤ ያለ ዲቫይደር የገባ ተፈታኝ ለሶኬት ሲጣላ አይቻለሁ። ከዚያ ጫማዬን አወልቅና አልጋው ላይ ጋደም እላለሁ። አንዴ አንድ ሽማግሌ አከራይ በር ላይ ቆመው ሲያዩኝ ቆዩና «ማዳም፣ ቤቱን ልትከራዪ ነው የመጣሽው ወይስ ልትተኚ?» አሉኝ። (እዚህ አገር ማዳም ይሉኛል። በዐረብ አገር ስንት እህቶቼ ያንን ቃል ለሌላ ሰው ሲሉ እንደሚውሉ እያሰብኩ አንዳንዴ ለብቻዬ እስቃለሁ።) «ሁለቱንም፣ ሐጂ» አልኳቸውና ኤሲውን ከፈትኩት።

ዋናው ፍተሻ ኤሲው ነው። ይቀዘቅዛል ወይ ብዬ አይደለም። የት ላይ ይነፍሳል? ቀጥታ ትራሱ ላይ ከሆነ አልጋው ቦታ ይቀይራል። ሐጂ ይህ አልገባቸውም፤ እናንተ ግን ይግባችሁ። ጠላቂ ሲወርድ ግፊቱን በጆሮው ማመጣጠን አለበት፤ አፍንጫው ከተደፈነ ማመጣጠን አይችልም። ካልቻለ አይወርድም። በኮርሱ መሀል አንድ ቀን ያልወረደ ሰው ያንን ቀን ከየት ያመጣዋል? ኮርስ ዳይሬክተሩ ስለ ሳንባ፣ ስለ ናይትሮጅን፣ ስለ ተንሳፋፊነት ሲያስተምር ይውላል። እኔ አልጋ እገፋለሁ።

ስለ መብራቱም ልጨምር። እዚህ ቆጣሪው በካርድ ነው፤ አዲስ አበባ ያላችሁ ታውቁታላችሁ። ካርዱ የሚያልቅበትን ሰዓት ደግሞ ታውቁታላችሁ፦ ሌሊት፣ በፈተና ዋዜማ። ስለዚህ የሁሉንም ቤት ካርድ ራሴ አስሞላለሁ፤ ለተፈታኙ አልተውለትም። ከቧንቧ የሚመጣው ውሃ ጨው ጨው ስለሚል ደግሞ የሚጠጣው ለብቻው በጀሪካን ይገባል። ከሰው ቁጥር በላይ አስገባለሁ። ውሃ ያነሰው ሰውነት በጥለቃ ያጠራቀመውን ናይትሮጅን በደንብ አያስወጣም ተብሎ ይሰጋል፤ ጠላቂዎቹም ይህን ለፈተና ሸምድደውታል። ሸምድደውም አይጠጡም። ለምን? ጠባብ የጎማ ልብስ ውስጥ እንዳሉ ሽንት እንዳይመጣባቸው! ሁሉም ያውቃል፣ ሁሉም ያፍራል፣ ማንም አያወራም። እኔ ብርጭቆ እየያዝኩ እዞራለሁ።

አሁን ወደ ጣፋጩ ወሬ። ማን ከማን ጋር ያድራል?

ቅጹ ላይ «ያንኮራፋሉ?» የሚል ጥያቄ ነበረ። አነሳሁት። በምድር ላይ አንድም የሚያንኮራፋ ሰው የለም፤ በቅጹ መሠረት። አሁን የምጠይቀው «አብሮዎት ያደረ ሰው ስለ እንቅልፍዎ ምን ይላል?» ብዬ ነው። ምስክርነቱ ይጎርፋል። ከዚያ አንኮራፊን ከአንኮራፊ ጋር አጣምራለሁ፤ ቀድሞ የተኛ ያሸንፋል። በፊዚክስ የሚጎብዘውን ሰዎች ፊት ቆሞ መናገር ከሚያውቀው ጋር አኖራለሁ፤ በሦስተኛው ማታ ሳያውቁት አንዱ ሌላውን ሲያስተምር ይገኛል። ባልና ሚስት ግን… ኧረ ተዉኝ። ባልና ሚስት አብረው ተፈታኝ ሲሆኑ ሁለት የተለያየ ጠረጴዛ ያለው ቤት ነው የምፈልግላቸው። ባል ያስተምራል፣ ሚስት ተማሪ ሆና ስህተቱን ትነግረዋለች፤ ያ ወሬ ሲዞር እራት ላይ ይደርሳል።

አንድ ነገር ደግሞ በጥንቃቄ እይዛለሁ። ግብጻዊ ወንድና ሴት የጋብቻ ወረቀት ካላሳዩ ብዙ ሆቴል አንድ ክፍል አይሰጣቸውም። የውጭ ሰው ግን ብዙ ጊዜ አይጠየቅም። በአንድ ቡድን ውስጥ ሁለቱም ዓይነት ሰው ሲኖር ዝርዝሩን አስቀድሜ አስተካክላለሁ እንጂ እንግዳ መቀበያው ላይ ማንንም አላሳፍርም።

እሺ፣ ወደ ወጥ ቤት እንግባ። በጀርባ በር።

የግብጽ ቁርስ ፉል ነው። ርካሽ፣ የሚያጠግብ፣ ከትኩስ ዳቦ ጋር ሲበላ አንጀት የሚያርስ። ወጥ ቤቱ በየቀኑ ፉል ቢያቀርብ ደስ ይለዋል፤ ኪሱም ይደሰታል። እኔ ግን ከወጥ ቤቱ ጋር የምስጢር ስምምነት አለኝ፤ ፉል የሚወጣው ባሕር በማይገባበት ቀን ብቻ ነው። ባሕር በሚገባበት ጠዋት እንቁላል፣ ዳቦ፣ ማር፣ ሙዝ። ምክንያቱን ፊዚክሱ ይነግራችኋል። 10 ሜትር ጥልቀት ላይ ግፊቱ ከውሃው በላይ ካለው እጥፍ ነው። እዚያ አንድ ሊትር የነበረ አየር ወደ ላይ ሲወጣ ሁለት ሊትር ይሆናል። ይህ ሕግ ሳንባንና አየር የሚሞላውን የጠላቂ ጃኬት ብቻ የሚመለከት ይመስላችኋል? ባቄላ የበላ ሆድም በዚሁ ሕግ ይገዛል። አንድ ጠላቂ ሆዱን ይዞ ወደ ላይ ሲወጣ ካያችሁ ቁርሱን ጠይቁት።

ቡናም እቀንሳለሁ፤ በተለይ ከመሸ በኋላ። ቡና የምትከለክል ሐበሻ በታሪክ የመጀመሪያዋ ሳልሆን አልቀርም። እንቅልፍ ግን ይበልጣል።

ምሳ ሌላ ጉድ ነው። ኮርሱ ብዙውን ጊዜ ላይትሃውስ በሚባለው ቦታ ነው የሚጠለቀው፤ ከባሕሩ ዳር ተነስታችሁ በእግር ትገባላችሁ፣ ጀልባ አያስፈልግም። ምግብ ቤቶቹ ውሃው አፋፍ ላይ ናቸው። ጥሩ ይመስላል። አስተናጋጁ ግን ለሽርሽር የመጣን ሰው ማስተናገድ ነው የለመደው፤ ሰዓት ከሚባል ነገር ጋር አልተዋወቀም። በሁለት ጥለቃ መሀል ያለችው ዕረፍት አጭር ናት። ዘዴዬ? ሰዎቹ ገና ልብሳቸውን ሳይለብሱ ትዕዛዙን እሰበስባለሁ። ምርጫው ሦስት ምግብ ብቻ ነው፤ ሜኑ አይታይም። ሜኑ ያየ ሰው ያስባል፣ ያሰበ ሰው ይዘገያል። ከባሕር ሲወጡ ሳህኑ ጠረጴዛው ላይ ነው። «ዋው፣ እዚህ አገልግሎቱ ፈጣን ነው!» ይላሉ። አስተናጋጁ ፈገግ ይላል። እኔም ፈገግ እላለሁ።

እዚህ ላይ ትንሽ ወደ ጆሮአችሁ ልጠጋ። ቡድን ይዞ የሚመጣ አሰልጣኝ በብዙ ምግብ ቤት አይከፍልም። ምሳው በነጻ ነው፤ አንዳንዴም ከላይ ኮሚሽን ይኖራል። ስለዚህ «በከተማዋ ምርጡ ዓሣ እዚህ ነው» ሲላችሁ ዓሣውን ሳይሆን ሒሳብ ሲመጣ እጁን እዩ። ወደ ኪሱ ካልሄደ ምክሩን በዚያው ልክ ውሰዱት። እኔስ? እኔ ቅናሹን ለቡድኑ ነው የምጠይቀው… አብዛኛውን ጊዜ።

ሥጋ፣ ወተትና እንቁላል የማይበላ ፈረንጅ ሲመጣ ሌሎች አዘጋጆች ይደነግጣሉ። እኔ አልደነግጥም፤ በጾም ያደግሁ ነኝ። ለወጥ ቤቱም ረጅም ማብራሪያ አያስፈልግም። የግብጽ ኮፕቶች እንደኛ ብዙ ይጾማሉ፤ ወጥ ሰሪው ሙስሊም ቢሆን እንኳ «የጾም ምግብ» ሲባል ቅቤና ወተቱን በራሱ ጊዜ ያነሳል። ኮሻሪ፣ ጣዕሚያ፣ ባሚያ፣ የተሞላ የወይን ቅጠል ይመጣል። አንድ ወጥመድ ብቻ አለች፦ ኮፕቶች በአንዳንድ ጾማቸው ዓሣ ይበላሉ። «ዓሣም ቢሆን» ብዬ ካልጨመርኩ ጾመኛው ፊት አንድ ሙሉ ዓሣ ዓይኑን አፍጥጦ ይቀርባል። (የኛ ሰው ስለ ዓሣና ጾም የሚከራከረውን አውቃለሁ። ዛሬ አንጀምረው።)

የማልቀልድበት ሰሊጥ ነው። እዚህ ከሰሊጥ የሚሠራው ጣሂና የሌለበት ገበታ የለም፤ ሰላጣው ውስጥ፣ ጣዕሚያው ላይ፣ ጣፋጩ ውስጥ። ሰሊጥ የማይስማማው ሰው ከመጣ ምግቡ በሌላ ድስት፣ በሌላ ማንኪያ፣ በሌላ ሳህን ይሠራል፤ ሲሠራም ቆሜ አያለሁ። ወጥ ሰሪው ይቆጣል። ይቆጣ።

ረመዳን ላይ ኮርስ ከወደቀ ደግሞ ፀሐይ ስትጠልቅ ጠላቂዎቼ ይራባሉ። በዚያች ሰዓት ወጥ ሰሪው፣ አስተናጋጁ፣ ሾፌሩ፣ ሁሉም ፆሙን ሊፈታ ይቀመጣል፤ ማንም ለማንም አይላክም፣ ልክም ናቸው። እራቱን ከዚያ በፊት አስወጥቼ አስቀምጣለሁ፤ ወይም ቡድኑን ይዤ ከእነሱ ጋር እቀላቀላለሁ። ሁለተኛው ይሻላል። ሁልጊዜም ለእንግዳ የሚተርፍ ቴምርና ሾርባ አለ።

ፈታኙስ የት ያድራል? ይህን ጥያቄ ተፈታኝ ሁሉ ይጠይቀኛል፤ እንዲያው በዘወርዋራ፣ «ፈታኙ ምን ዓይነት ቡና ይወዳል?» እያለ። አልነግርም። ማረፊያውን እንዳዘጋጅ ስጠየቅ በከተማዋ ወዲያኛው ጫፍ ላይ፣ ተፈታኝ በቁርስ ሰዓት በማይደርስበት ሆቴል አደርገዋለሁ። ስለሚፈሩት አይደለም። አንድ ተፈታኝ ፈታኙን ቁርስ ላይ ካገኘው ከጎኑ ይቀመጣል፣ ስለ ራሱ ያወራል፣ ሌሎቹ ይሰማሉ፤ በምሳ ሰዓት ቡድኑ ሁለት ሆኗል። ባሕር የሚታይበት ያ ክፍልስ? አዎ። አንዳንዴ ፈታኙ ነው የሚያድርበት። እሱ ማታ የሚጽፈው ትምህርት የለውም።

«ማደሪያ በነጻ» የሚለውን ማስታወቂያ በተመለከተም ሹክ ልበላችሁ። ቤቶቹን የምንይዘው በወር ወይም በዓመት ነው፤ በዚያ ሒሳብ ለአንድ ሰው የሚደርሰው ትንሽ ነው። በነጻ ያደረ ተፈታኝ ደግሞ ከፈተና በኋላ ቶሎ አይሄድም። ሲቆይ ሌላ ኮርስ ይታየዋል፤ የጥልቅ ጥለቃ አሰልጣኝነት፣ የሌሊት ጥለቃ አሰልጣኝነት፣ ወዘተ። እነዚያ በነጻ አይደሉም። በሌላ በኩል የፈተናው ክፍያ፣ የምዝገባውና የመማሪያ ጽሑፎቹ ዋጋ ብዙ ጊዜ ከኮርሱ ዋጋ ውጭ ነው። ስለ አልጋው ዋጋ ሳይሆን ስለ እነዚህ ጠይቁ። ቀን ስትቆጥሩ ቪዛውንም ቁጠሩ፦ አንዳንድ አገር ዜጎች ሻርም ሲያርፉ በነጻ የሚመታላቸው የሲና ማኅተም 15 ቀን ነው የሚያቆያቸው። ሁለት ሳምንት ኮርስ፣ ሁለት ቀን ፈተና… ደምሩት።

የመጨረሻው ቀን ደግሞ አለላችሁ። ሁሉም ሰው የመመለሻ ትኬቱን የሚቆርጠው ፈተናው ባለቀበት ማታ ነው። ሁሉም! አሰልጣኝ ሊሆኑ የመጡ፣ ሕጉን ለፈተና የሸመደዱ ሰዎች። ለብዙ ቀን ደጋግሞ የጠለቀ ሰው አውሮፕላን ከመሳፈሩ በፊት ቢያንስ 18 ሰዓት መቆየት አለበት፤ ሰውነቱ ውስጥ የቀረው ናይትሮጅን ከፍታ ላይ አረፋ እንዳይሆንበት። ስለዚህ ገና ሲመዘገቡ ትኬታቸውን አስልካለሁ፣ ሰዓቱን አያለሁ፣ ካልሆነ አስቀይራለሁ።

አውሮፕላኑን የተዉት ደግሞ ተራራ ያምራቸዋል። ሙሴ ጽላቱን የተቀበለበት የሚባለው የሲና ተራራ ከዚህ ሩቅ አይደለም፤ አስጎብኚዎቹ ሌሊት ወስደው ንጋት ላይ ጫፍ ያደርሳሉ። ጫፉ 2285 ሜትር ነው። ያው ናይትሮጅን፣ ያው ከፍታ። ጠዋት ባሕር፣ ማታ ሲና? አይሆንም። እኔ ራሴ ተሳላሚ ሆኜ ለመሄድ ስል ጥለቃ ያስቀረሁበት ጊዜ አለ፤ የኛ ሰው ሲናን እንዲሁ አያልፋትም።

ስለዚህ ሁሉም አንድ ሌሊት ይጨምራል። ያቺን ሌሊት እኔ «ከቤቱ ስጦታ» ብዬ ነው የምሰጣቸው። ሻንጣ እንዳይጎትቱ፣ የደስታ እራታቸውን ተረጋግተው እንዲበሉ፣ ቢራ የሚጠጣም እስኪበቃው እንዲጠጣ። ያቅፉኛል። አንዳንዱ ዓይኑ እንባ ያቀርራል። ለወዳጆቹም ያወራልኛል፤ በሚቀጥለው ዙር ሁለት ሰው ይልክልኛል።

ያቺ ስጦታ? ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ዋጋው ውስጥ ነበረች።